ጂኦግራፊን እስከ ማስትሬት ድረስ ስለ መማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንዲህ ያለ ቀን የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው የሚናገር እንደ ሆነ እናውቃለን። እኛም በመጀመሪያ የጻፍነው እንደዚያ ያለ ነበር። ነገር ግን መምህራችን አንብበው ሲመልሱልን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «የትኛው ትምህርት? ለማን?» የሚል ጽፈውበት አገኘን። ስለዚህ ያን ወረቀት ትተን፥ በክፍላችን ውስጥ እውነተኛ ክርክር ስላስነሣ አንድ ነገር ብቻ ልንናገር ቆረጥን፤ ይኸውም ጂኦግራፊንና የአካባቢ ጥናትን እስከ ማስትሬት ዲግሪ ድረስ ስለ መማር ነው።

የክርክሩ አነሣሥ እንዲህ ነው። ስለ ወደ ፊት ሕይወታችን ስንጫወት፥ ከመካከላችን አራታችን ጂኦግራፊን መርጠን እስከ ሁለተኛው ዲግሪ ለመግፋት ማሰባችንን ተናገርን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። የአንዳችን አባት «ተራራ ለመቁጠር ስድስት ዓመት?» ብለው ጠየቁ። የሌላዋ እናት ደግሞ «ልጄ፥ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ትማራለች ልበል?» አሉ። ሁለቱም የተናገሩት በቁጣ አይደለም። ለእኛ ሲሉ ብዙ የደከሙ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ ነውና መልስ ይገባቸዋል። ሁለቱም ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናምናለን። ወላጆቻችን ጂኦግራፊን ተራራ መቁጠር ነው ብለው ቢያስቡ ጥፋቱ በከፊል የእኛ ነው። ማታ ማታ በፋኖስም ሆነ በመብራት ስናጠና የሚሰሙት የወንዝ ስም፥ የዋና ከተማ ስምና የተራራ ከፍታ ስንደጋግም ነው። እስቲ ከዚያው ከተራራው እንጀምር። የራስ ዳሽን ከፍታ በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። በኋላ በወጡት ዘንድ 4,550 ሜትር ነው፤ 4,533 ሜትር የሚሉም አሉ። ተራራው ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ 87 ሜትር አላጠረም። የተለወጠው መለኪያው ነው፤ ወይም ለካን የሚሉት ሰዎች ናቸው። እኛ ይህን ልዩነት ያየነው የአጎቶቻችንን አሮጌ መጽሐፍ ከእኛው መጽሐፍ ጋር ስናስተያይ ነበር፤ በዚያን ጊዜም የመሰለን አንደኛው መጽሐፍ ተሳስቷል፥ ሁለተኛውን ሸምድደን ማለፍ ነው የሚል ብቻ ነው። «ማን ለካው? በምን ለካው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል በልባችን አልመጣም። ዛሬ ስለ ማስትሬት ዲግሪ የምንናገረው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

(ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የትምህርቱ መጻሕፍት እንደዚያ ስለሚጽፉ ነው እንጂ የራሳችንን ዘመን አቆጣጠር ንቀን አይደለም።)

አምና የጂኦግራፊ ክበባችን አንድ ሥራ ጀመረ። ከትምህርት ቤታችን በስተ ኋላ ያለውን ተዳፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እየቀላ ወደ መንገዱ ይወርዳል። አፈሩ በዓመት ምን ያህል እንደሚታጠብ እንለካለን ብለን ተነሣን። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ለምነን 24 የብረት ችካሎች አስቆረጥንና፥ በሰኔ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች በተራ ተከልናቸው። ከመሬት በላይ የቀረውን ቁመት በማስመሪያ እየለካን በደብተር ጻፍን። አሳቡ ቀላል ነው፤ አፈሩ ከታጠበ ችካሉ ከፍ ብሎ ይታያል፥ ደለል ከተከመረበት ደግሞ ያጥራል።

በመስከረም ስንመለስ ዘጠኙ ችካሎች ጠፍተዋል። አንዱን አገኘነው፤ በአንድ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ጥጃ ታስሮበት ነበር። ችካላችን ነው ብለን ለመጠየቅ አፈርን፥ ጥጃዋም በደንብ ታስራለች፥ ስለዚህ ተውነው። ከቀሩት አሥራ አምስት በስድስቱ ላይ አፈሩ ዝቅ ብሏል፥ በአምስቱ ላይ ከፍ ብሏል፥ በአራቱ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ከእኛ አንዱ «አፈራችን እየታጠበ ነው ብለን እንጻፍ፥ ይህን የማያውቅ የለም» አለ። ሌላው «ችካሎቹ አላሉም» አለ። ወደ መምህራችን ብንሄድ «ማስመሪያውን ስታነቡ በስንት ሚሊሜትር ልትሳሳቱ ትችላላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መሬቱ ጓል ስለ ሆነ፥ ሣርም ስለ ነበረበት፥ ሁለት ሚሊሜትር መሳሳት እንችላለን ብለን መለስን። «እንግዲያውስ ሁለት ሚሊሜትር በአንድ ሄክታር ላይ ስንት ቶን እንደ ሆነ አስሉና ኑ» አሉ።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። የአንዱን ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 1.2 ቶን ብንል፥ አንዱ ሚሊሜትር 12 ቶን፥ ሁለቱ ሚሊሜትር 24 ቶን ነው። ይህን ቁጥር ስናይ ዝም አልን። ምክንያቱም በአገራችን በሚታረሰው መሬት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር የሚታጠበው አፈር በአማካይ 42 ቶን እንደሚሆን ከመጻሕፍት አንብበን ነበር። እንግዲህ የእኛ የዓይን ስህተት ብቻውን ልንለካው ከፈለግነው ነገር ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። በደብተራችን ያለው ሁሉ፥ እውነትም ይሁን ሐሰት፥ ከማስመሪያው ጫፍ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ 42 ቶን የሚባለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሣን። ቁጥሩ የመጣው ሃንስ ሁርኒ ከሚባሉ ስዊሳዊ የጂኦግራፊ ሊቅ ሥራ ነው። እኒህ ሰው በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያገለገሉ ናቸው። በ1981 የበርን ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ሚኒስቴር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አቋቋሙና፥ በወሎ ማይባር፥ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፥ በጎጃም አንጀኒ፥ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፥ በወላይታ ጉኑኖ በመሳሰሉት ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በእነዚህ ጣቢያዎች ወርዱ 2 ሜትር፥ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ መደብ በቆርቆሮ ይታጠራል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመደቡ የሚወርደው ጎርፍ ከታች በበርሜል ይጠራቀማል፤ አፈሩ ይደርቅና ይመዘናል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክረምቱን ሙሉ፥ በእሑድም ቢሆን በበዓልም ቢሆን፥ ከዝናቡ በኋላ ወደዚያ መውረድ አለበት። እንደ እኛ ተክሎ ሄዶ በመስከረም መምጣት የለም።

ይሁን እንጂ እዚያም ላይ ጥያቄው አያልቅም። የ30 ካሬ ሜትር መደብ የሰጠው መልስ ለአንድ አገር ሲባዛ ምን ይሆናል? ከላይኛው ማሳ የታጠበው አፈር ሁሉ ዓባይ ውስጥ አይገባም፤ የሚበዛው ከግርጌው ባለው ማሳ፥ በአጥር ሥር፥ በእርከን ላይ ይቀራል። በአምስቱ ችካሎቻችን ላይ አፈሩ ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የአንዱ ገበሬ ኪሣራ በከፊል የጎረቤቱ ትርፍ ነው ማለት ነው። እንግዲህ «አገሪቱ በዓመት ይህን ያህል አፈር አጣች» ከማለት በፊት መለየት ያለበት ብዙ ነገር አለ። አንድ የማስትሬት ተማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ትንሽ ተፋሰስ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ይህን መለየት ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር፤ ይኸኛው ከእኛ ደብተር ሳይሆን ከሁላችንም አፍ የሚወጣ ነው። «የኢትዮጵያ መሬት ከመቶ ዓመት በፊት 40 ከመቶው ደን ነበር፥ ዛሬ 3 ከመቶ ብቻ ቀረ» የሚለውን ያልጻፈ ተማሪ በዚህ አዳራሽ አለን? እኛም ባለፈው ዓመት በችግኝ ተከላው ቀን በትልቅ ሰሌዳ ጽፈን በበሩ ላይ ሰቅለነው ነበር። ጄምስ ማካን የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ በ1990ዎቹ የዚህን ቁጥር ሥር ፈልገው፥ ቁጥሩ ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ እንጂ አስተማማኝ ልኬት የሌለው መሆኑን አሳዩ። ያን ሰሌዳ የጻፍነው እኛ ነንና በዚህ ቦታ ላይ እርማቱን መናገር ይገባናል።

3 ከመቶ የሚለውስ? ይህም ቢሆን «ደን» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2015 መንግሥት ያጸደቀው ትርጉም፥ ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ፥ የዛፎቹ ቁመት ከ2 ሜትር ያላነሰ፥ ጥላቸውም ከመሬቱ 20 ከመቶውን የሸፈነ ቦታ ሁሉ ደን ነው ይላል። በዚህ ትርጉም ሲለካ የአገሪቱ ደን 15.5 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዛፎቹ በአንድ ሌሊት አልበቀሉም፤ ቀድሞ ጫካ ተብሎ ያልተቆጠረው የቆላ ዛፍና ቀርከሃ ተቆጠረ። ትርጉሙን ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ የሚናገር ሰው ምንም አልነገረንም።

ስለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የወደድነው የያን ኒሰንን ሥራ ነው። እኒህ ሰው በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ሊቅ ናቸው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሧቸውን ሥዕሎች ይዘው፥ ሥዕሉ ከተነሣበት ከዚያው ድንጋይ ላይ እየቆሙ እንደ ገና አነሡት። በብዙ ቦታ፥ በተለይም በትግራይ፥ በአሮጌው ፎቶግራፍ የተራቆተው ተራራ በአዲሱ ላይ ዛፍ አብቅሎ ተገኘ። ይህ ማለት ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም፤ በደቡብና በምዕራብ የደረሰው ምንጣሮ ታላቅ ነው። ነገር ግን ገበሬው በእርከን ሥራና ተራራን በመከለል የደከመው ድካም ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል። «ሁሉም ጠፋ» የሚለው ንግግር ግን ይህን ድካም ከቁጥር ያወጣዋል። አባቶቻችን በክረምትና በበጋ የሠሩት እርከን ምንም እንዳላመጣ ሆኖ በልጆቻቸው ደብተር ቢጻፍ፥ ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው ብለን እናምናለን።

የአየር ፎቶግራፉም ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ኢጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ አገራችንን ለጦርነትና ለካርታ ሥራ ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነበር። እነዚያ ፎቶግራፎች ከ8,000 በሚበልጡ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራው መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ተቀምጠው ተገኙ። ለቦምብ የተነሣው ሥዕል ዛሬ የደንና የእርሻ መዝገብ ሆኗል። ተመራማሪዎች በ1938 ከተነሡት ጋር የዛሬውን የሳተላይት ሥዕል አስተያይተው በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መረመሩ። ደኖቹ በስፋታቸው ብዙ እንዳልተለወጡ፥ ነገር ግን ቀድሞ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ጠፍቶ እርሻው እስከ አጥሩ እንደ ደረሰ፥ ባሕር ዛፍም እንደ ገባ አገኙ። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ቢጠበቅም ከቅጥሩ ውጭ ያለው ጋሻው ተገፏል።

አሁን ወደ ዲግሪው እንመለስ። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት ነው። ከ2023 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ወደ ማስትሬት ለመግባትም ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት እንደ ልማዱ ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ይወሰዳል፤ የምርምር ዘዴ፥ ስታቲስቲክስ፥ ጂአይኤስና ከሳተላይት ሥዕል ማንበብ፥ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፥ የሕዝብ አሰፋፈር፥ የከተማ ዕድገት፥ እንደየትምህርት ክፍሉ ይለያያል። ስለዚህ ብዙ አንናገርም፤ ኮርስ ሁሉ ከኮርስ ጋር ይመሳሰላል።

ሁለተኛው ዓመት ግን ሌላ ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄና አንድ ቦታ ይመርጣል። አማካሪው ጥያቄውን ሦስት አራት ጊዜ ይመልስበታል፥ ሁልጊዜም «ሰፍቷል፥ አጥብበው» እያለ። «የኢትዮጵያ የአፈር መታጠብ» የነበረው ርእስ ጠቦ ጠቦ «በእገሌ ወንዝ ላይኛ ተፋሰስ የድንጋይ እርከን በገብስ ማሳ ላይ ያመጣው ለውጥ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ቦታው ድረስ ይሄዳል፤ ይለካል፥ ገበሬዎችን ይጠይቃል፥ ናሙና ይወስዳል። ተመልሶ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ከውጭ የመጡ ፈታኞች ባሉበት ቆሞ የጻፈውን ያስረዳል። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ መምህራችን ስለ ማስመሪያው ከጠየቁን የተለየ አይመስለንም።

መሣሪያው በጣም ውድ ነው ብላችሁ እንዳትፈሩ። ላንድሳት የሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከ1972 ጀምሮ ምድርን ፎቶግራፍ ሲያነሣ ኖሯል፤ ከ2008 ጀምሮ ሥዕሎቹ ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣሉ። ሴንቲኔል ሁለት የሚባለው የአውሮፓውያን ሳተላይት ደግሞ ከ2015 ወዲህ አሥር ሜትር የሚያህል ነገር ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል በነፃ ይሰጣል። የጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ ከወር ወር ሲሰፋና ሲጠብ በዚህ ዓይነት ሥዕል ሊታይ ይችላል። አንድ የገጠር ልጅ ኮምፒዩተርና መስመር ካገኘ የጌታ ልጅ የሚያየውን ያንኑ ያያል። ነገር ግን ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም። ከሰማይ አረንጓዴ ሆኖ የታየው እምቦጭ ይሁን ደንገል፥ ጤፍ ይሁን ሣር፥ ወርዶ በእግር ያላየ ሰው አያውቀውም።

ይህ ትምህርት በአገራችን ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተቋቋመ፤ በ1961 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የድኅረ ምረቃው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ወደ ባሕር ማዶ መሄድ ነበረባቸው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በሕንድ የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፥ ከዚያም በአሜሪካ የክላርክ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመልሰው የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሉን መሩ፤ የኢትዮጵያን አትላስም አዘጋጁ። በ1984 የታተመው ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጥ የሚናገረው መጽሐፋቸው ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን የመረመረ ነው። ረሀብ ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፥ ገበሬው የሚኖርበት ሥርዓትና ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት አስቀድሞ ያጋልጠዋል ብለው ጻፉ። በ2020 እስኪያርፉ ድረስ በሰብአዊ መብት ጉዳይ ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን መነሻቸው ካርታ ነበር። «ተራራ ለመቁጠር» ላሉን አባታችን ይህን ብቻ እንላለን፤ እኒህ ሰው የቆጠሩት የተራበውን ሰው ነው።

ወንዶችና ሴቶች ጓደኞቻችን ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ እንድንናገር አሳስበውናል። እውነቱን መደበቅ አይገባም። በማስትሬት ዲግሪ የሚመረቅ የጂኦግራፊ ሰው ብዙውን ጊዜ መምህር ይሆናል። ከዚህም ሌላ በከተማ ፕላን፥ በአደጋ መከላከል፥ በሜትዮሮሎጂ፥ በካርታ ሥራ፥ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሥራ ፍለጋው ለብዙዎች ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ከእኛ በፊት ከተመረቁት ሰምተናል። በማስትሬት ክፍል ከሚቀመጡት ብዙዎቹም በቀጥታ ከመጀመሪያው ዲግሪ የመጡ አይደሉም፤ ዓመታት ያስተማሩ፥ ልጆች ያሏቸው፥ በማታው ወይም በክረምቱ የሚማሩ መምህራን ናቸው። የእኛው ትምህርት ቤት መምህራን ከእነዚህ መካከል አሉ። ክረምት በመጣ ጊዜ እኛ ወደ ዕረፍት ስንሄድ እነርሱ ደብተር ይዘው ወደ ክፍል የሚገቡ ናቸው፤ ይህን ያወቅነው በቅርቡ ነው፥ ሳናመሰግን በመቆየታችንም አፍረናል።

እንግዲህ አራታችን ስንማከር ያሰብነው መንገድ ይህ ነው። ሁለታችን መጀመሪያ ዲግሪውን ይዘን በገጠር ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ለማስተማር፥ ከዚያ በኋላ በክረምት ለመቀጠል እናስባለን። ሁለታችን ደግሞ ቢሳካልን በቀጥታ እንገፋለን። አራታችንም አንድ ሆነን የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ የምንመርጠው ቦታ ተመልሰን ልናስረዳ የምንችልበት ቦታ እንዲሆን ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ቤት ተደርድሮ ይቀራል፤ በማሳው ላይ የተለካበት ገበሬ ግን ውጤቱን ሳይሰማ ይኖራል። በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ ያየ ሰው፥ በርሜሉ ምን እንዳለ ሊነገረው ይገባል።

«ምን ትማራለች ልበል?» ላሉት እናታችን መልስ ፈልገን ብዙ ቃል ሞክረናል። ልጅቱ ራሷ ያገኘችው መልስ ከሁሉ ይሻላል፤ «ልጄ መሬት ስትለካ ነው፥ ከለካችም በኋላ መለኪያዋን ትመረምራለች በይልኝ» አለቻቸው። እናትየው ስቀው «ጎረቤት ይህን ሰምቶ ዝም አይልም» አሉ። አይልም፤ ነገር ግን ጥሩ ወሬ ይጀመራል።

ከመጨረሳችን በፊት ከወላጆች አንድ እርዳታ እንለምናለን። በዚህ ዓመት ችካል መትከሉን ትተን፥ የአካባቢያችንን የድሮ መልክ በሰዎች ትዝታ ለማስፈር ጀምረናል። ይህም ራሱን የቻለ የጂኦግራፊ ዘዴ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በስተ ግራ ባለው ሁለተኛው ክፍል ትልቅ የአካባቢውን ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተናል። በልጅነታችሁ ደኑ እስከ የት ነበር? የትኛው ምንጭ በበጋ ይደርቅ ነበር፥ የትኛው አይደርቅም ነበር? ከብት የሚሰማራበት ሜዳ መቼ ታረሰ? በዓመተ ምሕረት ባታስታውሱት ልጅ የወለዳችሁበትን ወይም መንገዱ የተሠራበትን ጊዜ ንገሩን፥ ዓመቱን እኛ እናሰላለን። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩን ሁለቱንም እንጽፋለን። የውኃ መቅጃዎቹን ነገር ከአባቶች ይልቅ እናቶች ሳያውቁት አይቀርምና፥ እናቶች ከኋላ እንዳትቀሩ እንለምናለን። ጥጃዋን በችካላችን ያሰሩት ጎረቤትም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ችካሉን አንጠይቅም።

ሻይ ተዘጋጅቷል፥ እርሳሶቹም ተቀርጸዋል።